ውዳሴ ሰልፍ

የነዳጅ ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ በከተማው ውስጥ መናፈስ በጀመረ ጊዜ፣ ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት መብራታቸውን አብርተው ሲቀዱ የነበሩት ማደያዎች ሁሉ፣ አንድ ሊቀ ጳጳስ በቃለ ግዝት ያሰራቸው ይመስል፣ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት በመግቢያቸው ላይ ገመድ ወጥረው፣ «ነዳጅ የለም» የሚል ካርቶን ሰቅለው የዝምታ ሱባኤ ይገባሉ፤ አዲሱ ዋጋ በተነገረ ማግስት ደግሞ፣ በሌሊት አንድም ቦቴ ሲገባ ያየ ሰው ሳይኖር፣ ገመዱ ተፈትቶ፣ ካርቶኑ ወርዶ፣ ጋኑ ሞልቶ ይገኛል። በቃና ዘገሊላ ውኃው የወይን ጠጅ የሆነው በጌታ ቃል ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን የሌለው ቤንዚን ያለ ቤንዚን የሚሆነው በዋጋ ተመን ደብዳቤ ነው።

ይህን ልማድ የሚነቅፍ፣ የሚራገም፣ አልፎ አልፎም መሪውን በጡጫ የሚደበድብ ሰው በየሰልፉ አይታጣም። እኔም ዕድሜዋ ከራሴ ዕድሜ ጋር የሚፎካከር አንዲት መኪና ያለችኝ በመሆኔ፣ አባቶቻችን የመሳፍንቱን ደጅ ይጠኑ እንደ ነበር የማደያውን ደጅ ስጠና፣ አንገቴን በመሪው ላይ ደፍቼ ሳድር፣ ጎሕ ሲቀድም የፊቴ መኪና አንዲት ስንዝር አለመነቃነቋን ሳይ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ የነቃፊዎቹ ምሬት ከየት እንደሚመነጭ አስረጅ አያስፈልገኝም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ታላቅ ሥርዓት በአገር ላይ ጸንቶ ሲኖር፣ ነቃፊው እንደ አሸዋ በዝቶ አንድ አመስጋኝ እንኳ መታጣቱ ለትውልዱ ነውር ስለ ሆነ፣ የሰልፍን ውዳሴ እጽፍ ዘንድ ብዕሬን አነሣሁ።

አስቀድሜ ስለ መንፈሳዊ ትሩፋቱ ልናገር። ሰው በብርድ ሌሊት ቆሞ እንዲያድር የሚያደርጉት ነገሮች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ከማኅሌትና ከለቅሶ ቀጥሎ የሚጠራው ቤንዚን ነው። ተሰላፊው ያላየውን ያምናል። «ቦቴው መንገድ ላይ ነው» የሚለው ቃል ከቀጂው አንደበት በወጣ ጊዜ፣ ቦቴው ከየት እንደ ተነሣ፣ ስንት ሊትር እንደ ጫነ፣ መቼ እንደሚደርስ የሚመረምር መናፍቅ አይገኝም፤ ሁሉም በየመኪናው ገብቶ በተስፋ ይጸናል። አንዱ አዋሽን አልፏል ይላል፤ ሌላው አዳማ ታይቷል ይላል፤ ሦስተኛው በሕልሙ ያየው ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትሩፋት ግን የጠፋውን የርስት ሥርዓት ለአገራችን መመለሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ፣ ኢትዮጵያዊ ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያወርሰው፣ ዘር ቆጥሮ የሚሟገትበት፣ በወሰኑ ላይ ቆሞ ሱሪውን እየታጠቀ «በሕግ አምላክ!» የሚልበት ነገር አጥቶ በቁጭት ይኖር ነበር። እነሆ ማደያው ይህን ጸጋ መለሰለት። አስተውላችሁ እንደ ሆነ፣ ዛሬ በሰልፍ ላይ ቦታ የሚይዘው ሰው ብቻ አይደለም፤ ባዶ ጀሪካን ይሰለፋል፣ ያረጀ ጎማ ይሰለፋል፣ ከሁሉም በላይ ድንጋይ ይሰለፋል። ባለቤቱ በቤቱ ተኝቶ ሳለ ድንጋዩ በስሙ ቆሞ ያድርለታል። በሰው ስም የቆመ ድንጋይ የወሰን ድንጋይ ነው፤ የወሰን ድንጋይ ባለበት ርስት አለ፤ ርስት ባለበት ወራሽ አለ፤ ወራሽ ባለበት ሙግት አለ፤ ሙግት ባለበትም ኢትዮጵያ አለች።

እንግዲህ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ በማደያው ደጃፍ ያኖረው ሰው አቅኚ አባት ተብሎ ስሙ በዝክር ይጠራል፤ የልጅ ልጆቹም «ከእገሌ እንወለዳለን፣ እገሌ ደግሞ ከፓምፑ ሦስተኛ የነበረው ነው» እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሽማግሎች ለጋብቻ በተላኩ ጊዜ «ልጃችን የተማረ፣ ጨዋ፣ ዲግሪ ያለው ነው» ቢሉ፣ የልጅቱ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ዲግሪማ ማን የሌለው አለ! ከፓምፑ ስንተኛ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሊሞት የቀረበ አባትም የንስሐ አባቱን አስጠርቶ፣ ከከንፈሩ ቆርጦ በሚናገረው ኑዛዜ፣ በዋናው መንገድ በኩል ያለውን የቤንዚን ተራውን ለበኩር ልጁ፣ በጓሮ በኩል ያለውን የናፍጣ ተራውን ለታናሽየው፣ ገና ያልተከፈተውንና ሊከፈት ነው የተባለውን ማደያ ተስፋ ደግሞ ለነፍሱ መታሰቢያ ለደብሩ ይሰጣል።

ባለርስት ካለ ጭሰኛ አይታጣም። እስከ ዛሬ በጥቂት ብር የሰው ተራ እየጠበቁ የሚያድሩት ጎረምሶች፣ ሥርዓቱ ሲደላደል የሰልፍ ጭሰኞች ይሆናሉ፤ ከሚቀዳውም ነዳጅ፣ ባለርስቱ ደግ ከሆነ እርቦውን፣ ክፉ ከሆነ ሲሶውን ይሰፍሩለታል። ተራ አስከባሪው በበኩሉ ባለጉልት ነው፤ ከእያንዳንዱ መኪና የሚቀበለው የሻይ ገንዘብ ጉቦ መባሉ ቀርቶ ግብር ይባላል፤ በፋሲካ በግ፣ በመስቀል ድግስ ይጨመርበታል። ሙግቱን የሚሰማው ችሎት በጎሚስታው ኮንቴይነር ጥላ ሥር ይሠየማል፤ ዋስ ይጠራል፣ አጋፋሪ ይቆማል፣ «በላ ልበልሃ» እየተባለ ይሟገቱበታል፤ ይግባኙም ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ሲል፣ ከሳሽም ተከሳሽም መኪናቸውን ለቁራሌው ሸጠው፣ በሌለ መኪና ስላለ ተራ መከራከራቸውን ይቀጥላሉ።

ሊቃውንቱን ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል። ርስትነቱ የመሬቱ ነው ወይስ የተራው? ሰልፉ አንድ ርምጃ ወደ ፊት በሄደ ጊዜ፣ ርስቱ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሄዳልን፣ ወይስ በመብራቱ ምሰሶ ሥር በነበረበት ይጸናል? ርስት ማለት የማይንቀሳቀስ ሀብት ስለ ሆነ ከምሰሶው አይለይም የሚሉት ቤተ ምሰሶ ይባላሉ፤ ተራ በባሕርይው ሂያጅ ነው፣ የማይሄድ ተራ ተራ አይደለም የሚሉት ደግሞ ቤተ ተራ ይባላሉ። ቤተ ምሰሶዎች ቤተ ተራዎችን ዘላኖች እያሉ ይሰድቧቸዋል፤ ቤተ ተራዎችም መልሰው «እናንተ ቤንዚን ሳይቀዳ የቆመበትን ዘመን ሃይማኖት ያደረጋችሁ» ይሏቸዋል። ክርክሩ ቢከፋ ጉባኤ ይጠራል፤ ነገር ግን የጉባኤው አባላት ሁሉ በየሰልፋቸው ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ ይቀራል፤ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ወር የዋጋ ማሻሻያ ዋዜማ በቀጠሮ ይተላለፋል። በመጨረሻም ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጣቶች «ሰልፍ ለተሰላፊው!» እያሉ ይወጣሉ፤ ሰልፉ በአዋጅ ይወረሳል፤ ትርፍ ተራ ያላቸው ይነጠቃሉ፤ የተወረሰውን ሰልፍ የሚያስተዳድር አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት ይቋቋማል፤ እዚያም ጉዳይ ለማስፈጸም ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ መሰለፍ ያስፈልጋል።

ስለ ሌሎቹ ጥቅሞች በየአንዳንዱ መስመር ልለፍ። ሰልፍ ዶክተሩንና ሊስትሮውን እኩል ያደርጋል፣ ዶክተሩ የቀጂውን ስልክ ቁጥር ካላወቀ። ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ሰው የፊቱን መኪና ሰሌዳ በቃሉ ያጠናል። በመንገድ ዳር የቆሎና የሻይ ንግድ ይደራል። የትራፊክ አደጋም ይቀንሳል፤ የቆመ መኪና የሚገጨው የለም።

አንዳንድ ሰዎች፣ የነዳጅ ዘርፉ ማሻሻያ ከተጀመረ በኋላ ሰልፉ መጥፋት ነበረበት ሲሉ እሰማለሁ። እነዚህ ማሻሻያው ምንን ለማሻሻል እንደ ታወጀ ያልገባቸው ናቸው። የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የዓለም ዋጋ ሲወርድ እያጠራቀመ ሲወጣ ይደጉማል ተብሎ ነበር፤ እርሱ ግን ሳያጠራቅም እየደጎመ ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ ዕዳ ውስጥ ገባ። ድጎማው ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል ሲያጠጣ፣ ርካሹ ቤንዚን በድንበር እየሾለከ ጎረቤት አገሮችን ሲያጠጣ ኖሯል፤ ስለዚህ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እየቀረ፣ ከሌላው ቀስ በቀስ እንዲነሣ ተወሰነ። ይህን ውሳኔ በሽሙጥ የምነካው አይደለም፤ መወሰን ነበረበት። በአዲስ አበባ ያን ጊዜ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ደግሞ በመዲናይቱ ክፍያው በስልክ እንዲሆን ታዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ ተሰላፊው ፓምፑ ዘንድ ከደረሰ በኋላ «ሲስተም የለም» የሚል ሁለተኛ ሰልፍ ተመረቀለት። በ2017 ዓ.ም. ነዳጅ የሚደብቀውንና በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጠውን የሚቀጣ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ አዋጁ የጸደቀው ግን በየማደያው ገመድ በተወጠረበት ወራት ነበር፣ ገመዱም እስከ ዛሬ አልተፈታም።

የቀሩትን የማሻሻያውን ክፍሎች ስንመለከት ደግሞ የትዕግሥት ትምህርቱ ከማደያው ወደ አገሩ ሁሉ መዛመቱን እናያለን። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የተጣራውን ሁሉ ከውጭ እናስመጣለን። ከጂቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ስምምነት በመስከረም 2008 ተፈርሟል፤ ቧንቧው አልተዘረጋም፣ ቦቴው ያንኑ መንገድ ይመላለሳል። የካሉብ ጋዝ በ1960ዎቹ ተገኝቶ፣ መንግሥታት እየተፈራረቁ ሲያበሥሩት ኖረው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በመስከረም 2018 ተመርቋል፤ በዚያው ሰሞን ለጎዴው ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ድንጋይ በሰው ስም ቆሞ ቦታ እንደሚይዝ ከላይ ስላስረዳሁ፣ አገራችን በማጣሪያ ባለቤቶች ሰልፍ ውስጥ ተራዋን ይዛለች ማለት ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለ ተከለከለም፣ ወደ ፊት የምንሰለፈው ለኤሌክትሪክ ይሆናል፤ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል የተባለው ታላቁ ግድባችን በጳጉሜን 2017 ተመርቆ እኔም እንደ ማንም ደስ ብሎኛል፣ ይህን ጽሑፍ ግን የምጽፈው በሻማ ነው።

በዚህ ሁሉ ማሻሻያ ውስጥ ቀኑን ሳያሳልፍ የሚደርስ አንድ ነገር ቢኖር የዋጋ ጭማሪው ነው። እርሱ «በጥናት ላይ ነው» አይባልም፣ «በሂደት ላይ ነው» አይባልም፣ ሲስተም አይጠፋበትም።

እዚህ ላይ ውዳሴዬን ላቋርጥ። የባጃጅ ሹፌር ሠራም አልሠራም ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ከሰልፍ ውሎ ባዶ እጁን ሲቀር፣ ከማደያው ጥቂት ርምጃ ርቆ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን በእጥፍና ከዚያ በላይ በሆነ ዋጋ ይገዛል። ያ ቤንዚን ከሰማይ አልወረደም። ከዚያው ከማደያው ጓሮ የወጣ ነው፣ ይህን የማያውቅ የመንደር ልጅ እንኳ የለም። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሒሳቡም ምሥጢር አይደለም። ለባለማደያው በሊትር የተፈቀደለት ትርፍ ለብዙ ዘመን በሳንቲም ሲቆጠር የኖረ ነው፣ እውነት ነው፤ የእርሱም ቅሬታ ጆሮ ማግኘት ይገባው ነበር። ነገር ግን በጋኑ 20,000 ሊትር ይዞ ያደረ ሰው፣ ዋጋው በአንድ ሌሊት 10 ብር ቢጨምር፣ ያለ አንዳች ድካም 200,000 ብር አግኝቶ ይነሣል። ገመድ መወጠርና ካርቶን መስቀል ይህን ያህል የሚከፍል ሥራ ከሆነ፣ አለመወጠሩን ከምን ጽድቅ እንጠብቃለን? ተቆጣጣሪውም ይህን ያውቃል፤ ዋዜማው መቼ እንደሆነ ደግሞ ከተቆጣጣሪው ይልቅ የሚያውቀው የለም፣ ደብዳቤው የሚወጣው ከመንግሥት ቤት ነውና። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ከማደያው ሲደርስ፣ የወሬው መንገድ የት ላይ እንደ ተከፈተ መጠየቅ የነበረበት ማን ነው? ድጎማ ማንሣትን የሚያህል ከባድ ነገር ለማድረግ የደፈረ አስተዳደር፣ አንድ ገመድ ማስፈታት እንዴት ያቅተዋል? ማሻሻያው ከተሰላፊው ኪስ የሚፈልገውን ሁሉ ወስዷል፤ ከባለማደያውና ከራሱ ከተቆጣጣሪው የሚፈልገውን ግን ገና መጠየቅ አልጀመረም።

ቢሆንም ወደ ውዳሴዬ ልመለስና፣ የሰልፉ ወዳጆች እንዳይሰጉ አንድ ነገር ላረጋግጥላቸው። ሰልፉን በአንድ ሌሊት የሚገድለው መድኃኒት ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም፤ አንድ ረጅም የመለኪያ ዘንግ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ሙጫ ይበቃዋል። ይህን ያህል ርካሽ የሆነ መድኃኒት ደግሞ ዐውደ ጥናት አይጠራበትም፣ አበል አይቆረጥበትም፣ የመሠረት ድንጋይም አይቀመጥበትም፤ ስለዚህ ሰልፋችን ገና ረጅም ዕድሜ ይጠብቀዋል።

ነገር ግን ከሹማምንቱ መካከል ሰልፉን የማይወድ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ልመናዬ ይህ ነው፤ ዋጋ በሚለወጥበት ዋዜማ ምሽት የየማደያውን ጋን በዘንግ አስለካ፣ ልኩን ከነሰዓቱ ጽፈህ በማደያው በር ላይ ለጥፍ፣ ተሰላፊውም ከመኪናው ወርዶ ያንብበው። እስከ ዛሬም ስንለካ ነበር የምትሉ እንደ ሆነ፣ የለካችሁትን አሳዩን።